‹‹ካቆምክ ቤት እንዳትመጣ!››

ባለፈው እሁድ ማለዳ የአሶሳ ፀሐይ ሳትከር እግሬን ላፍታታ ብዬ ወደ ሜዳ ወጥቼ ነበር። ታዳጊዎች ይሮጣሉ፣ ጥቂት ወላጆችም ዳር ቆመው ያያሉ። አንድ ጎልማሳ አባት የቀርከሃውን አጥር ተደግፎ፣ አሥራ ሦስት ዓመት የማይሞላው ልጁ በፊቱ ባለፈ ቁጥር ‹‹ካቆምክ ቤት እንዳትመጣ!›› እያለ ይጮኻል። የልጁ ከንፈር ደርቋል። እግሩ ይጎተታል። ዓይኑ ግን መንገዱን ሳይሆን አባቱን ነበር የሚያየው።

ሰውየውን ልቆጣው አስቤ አንድ ሁለት እርምጃ ከተራመድኩ በኋላ ቆምኩ። የሰማሁት ድምፅ የራሴ ሆኖ ተሰማኝ። ይህን ዓምድ የምትከታተሉ ወላጆችና አያቶች ብዙ ጊዜ የልጆቼን ደግ ደጉን ስነግራችሁ ኖሬያለሁ። ዛሬ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ።

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም ሚያዝያ ላይ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ወርውራ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ትሮጣለች። ከክፍሏ ወንዶች የሚቀድሟት ሁለት ብቻ ነበሩ። እኔም ይህን በየቡና ቤቱ ሳወራ ከርሜያለሁ። የጎዳና ሩጫ ተዘጋጅቶ ልጄ እንደምትሰለፍ ስሰማ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼን ሰብስቤ ሄድኩ። ‹‹የኔን ልጅ ታያላችሁ›› አልኳቸው።

ውድድሩ ይጀመራል የተባለው በጠዋት ነበር። ንግግሩም ሰልፉም ረዝሞ ሩጫው ሲጀመር ረፋድ ሆነ። በሚያዝያ የአሶሳ ረፋድ ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል። ልጄ ከፊት ወጣች፤ እኔም ጮህኩ፣ አስጨበጨብኩ። ለመጨረስ ጥቂት ሲቀራት መንገዱ ዳር ካለ የማንጎ ዛፍ ሥር ገብታ ቁጭ አለች። ጓደኞቿ እያለፏት ሄዱ። ሮጬ ደረስኩ። ጭንቅላቷን ይዛ ‹‹አባዬ፣ ዓለም ዞረብኝ›› አለችኝ።

ውኃ አልሰጠኋትም። ‹‹ደህና ነሽ?›› ብዬም አልጠየቅኳትም። ባልደረቦቼ ከኋላዬ እንደሚመጡ አውቅ ነበርና ‹‹ሰው ፊት አዋረድሽኝ! ተነሺ!›› አልኳት።

ተነሣችና እየተራመደች ጨረሰች። ማታ ጫማዋን አጥባ አልጋዋ ሥር ከተተችው። ከዚያ ቀን በኋላ ሩጫ የሚባል ነገር ከአፏ አልወጣም። እኔም ‹‹ትምህርቷ ላይ ታተኩራለች›› እያልኩ ራሴን አታለልኩ። አምስት ወር አለፈ።

መስከረም 16 ቀን 2012 ዓ.ም የደመራ ማታ ነው። የደመራው ጭስ ከነጠላችን ሳይለቅ እናቴ ቡና አፈላች። ጎረቤታችን ሐጂም እንደ ወትሮው መጡ። ሐጂ የበርታ ሽማግሌ ናቸው፤ ዐረብኛ እንደ አፍ መፍቻቸው ያውቃሉ። ሁለታችንም አትሌቲክስ እንወዳለን። በዚያ ሌሊት ደግሞ የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን በኳታሯ ዶሃ ሊሮጥ ነበር። ቀኑ እጅግ ሞቃት ስለሆነ አዘጋጆቹ ውድድሩን እኩለ ሌሊት አካባቢ አድርገውታል። የዶሃና የእኛ ሰዓት አንድ ነው፤ በእኛም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ማለት ነው። ሐጂ ‹‹አንድ ዙር አይቼ እሄዳለሁ›› ብለው ተቀመጡ። ቴሌቪዥናችን የሚያሳየው የዐረብኛውን ጣቢያ ነበርና እሳቸው ይተረጉሙልን ጀመር።

መንገዱ ኮርኒሽ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ነው። ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን ዙር ስድስት ጊዜ መሮጥ ነበረባቸው። መብራቱ እንደ ቀን ያበራል፤ ባሕሩ ግን ጥቁር ነው። ልጄ አንድ ጥግ ላይ ተቀምጣ መጽሐፍ የምታነብ ትመስላለች፤ ገጹን ግን አትገልጥም።

ሐጂ ሙቀቱን ሲነግሩን ደነገጥን። በእኩለ ሌሊት ከ32 ዲግሪ በላይ ነው፤ የአየሩ እርጥበት ደግሞ ከ70 በመቶ በላይ። ኢትዮጵያን ወክለው የተሰለፉት ሩቲ አጋ፣ ሮዛ ደረጀና ሹሬ ደምሴ ነበሩ። ሩቲ በ2011 ዓ.ም የቶኪዮ ማራቶንን አሸንፋለች። ሮዛ በ2010 ዓ.ም ዱባይ ላይ በ2 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ከ17 ሴኮንድ አንደኛ የወጣች ናት። ከዚህ ቡድን ሜዳሊያ እንዴት ይታጣል ብዬ ለሐጂ በልበ ሙሉነት ተናገርኩ።

አንድ ዙር አልቆ ሁለተኛው ሲቀጥል ሐጂ አልሄዱም። ሯጮች እየተንገዳገዱ ከመንገድ ሲወጡ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ሲወሰዱ አየን። የእኛዎቹም ከፊተኛው ቡድን ጠፉ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች በ2 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ከ43 ሴኮንድ ገባች። ከተነሡት 68 ሯጮች የጨረሱት 40 ብቻ ነበሩ። ከሦስቱ ኢትዮጵያውያን የጨረሰች አልነበረችም።

እኔ ተናደድኩ። ‹‹ሦስቱም? ምን ሆነው ነው? ይቺ አገር እኮ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈላት አገር ናት!›› አልኩ። ባለቤቴ ዝም እንድል በዓይኗ ጠቀሰችኝ፤ አልገባኝም።

ልጄ መጽሐፏን ዘጋች። ‹‹አባዬ፣ እነሱም አዋረዱህ?›› አለችኝ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ሐጂ አንገታቸውን ደፉ። መልስ ፈለግሁ፣ አጣሁ። ዝምታውን የሰበረችው እናቴ ናት።

እናቴ ወደ አሶሳ የመጣችው በ1977 ዓ.ም በሰፈራ ከወሎ ነው። የድርቁን ዘመን ብዙም አታወራም፤ እኛም አንጠይቃትም። በዚያ ሌሊት ግን ስኒዋን አስቀምጣ እንዲህ አለች። ‹‹አንተ ልጅ፣ እኔ ከመንደራችን እስከ መጠለያው በእግሬ ስሄድ አንተን አዝዬህ ነበር። ቀን ቀን ዛፍ ሥር አረፍን፣ ሲበርድ ሄድን። ‹እንድረስ፣ እንድረስ› ብለው በጠራራ የሄዱ ነበሩ። የደረስነው እኛ ያረፍነው ነን። ባርፍ ኖሮ ነው ያልደረስኩት ያለኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ልጅቷ ዛፍ ሥር ተቀመጠች ብለህ አምስት ወር አኮረፍካት፤ እኔ ዛፍ ሥር ባልቀመጥ አንተ የት ነበርክ?››

በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ሌሊት የለም።

ልጄን ይቅርታ የጠየቅኳት በነጋታው በመስቀል ዕለት ነው። ነገር አላስረዘምኩም። ‹‹ያን ቀን ውኃ ልሰጥሽ ሲገባኝ ሰደብኩሽ፤ ጥፋቱ የኔ ነው›› አልኳት። ‹‹እሺ›› ብቻ አለች። ልጅ በአንድ ይቅርታ ወዲያው ይመለሳል ብላችሁ አትጠብቁ። ጫማው ከአልጋ ሥር አልወጣም።

እኔ ግን በዚያ ሌሊት ያየሁትን ነገር ልረዳው ፈለግሁ። ያነበብኩትንና የጠየቅሁትን ለእናንተም ላካፍላችሁ፤ ልጁ ባይሮጥም ኳስ የሚጫወት፣ ውኃ የሚቀዳ፣ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ያለው ሁሉ ቢያውቀው ይጠቅመዋል።

ሰው ሲሮጥ ጡንቻው ብዙ ሙቀት ያመነጫል። ሰውነት ያን ሙቀት የሚያስወግድበት ዋናው መንገድ ላብ ነው። የሚያቀዘቅዘን ላቡ መውጣቱ ሳይሆን ከቆዳችን ላይ ተንኖ መሄዱ ነው። የታጠበ ልብስ በደረቅ አየር ቶሎ እንደሚደርቅና በክረምት ግን ተሰጥቶ እንደሚውል ሁሉ፣ አየሩ እርጥበት በተሸከመ ጊዜ ላብም አይተንም። ይንጠባጠባል እንጂ አያቀዘቅዝም። የባሕር ዳርቻ ማራቶንን ለደጋ ሰው ፈተና የሚያደርገው ይህ ነው። ልብም ደሙን ለጡንቻና ለቆዳ ማካፈል ስላለባት ሥራዋ እጥፍ ይሆናል። የአሠልጣኝ ቁጣም ሆነ የአባት ጩኸት ይህን አይለውጠውም።

አብዛኞቹ ታላላቅ ሯጮቻችን ያደጉት በደጋ ነው። ደራርቱ ቱሉና ቀነኒሳ በቀለ የተገኙባት በቆጂ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች፣ ጠዋቷ የሚያንዘፈዝፍ ከተማ ናት። አሶሳችን 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ‹‹እንግዲያው የኛ ልጆች ሙቀት ይችላሉ›› የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ ሰውነት ሙቀትን ይለምዳል። ግን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቀስ እያሉ መለማመድን ይፈልጋል፤ የለመደም ቢሆን ወሰን አለው። አበበ ራሱ በ1952 ዓ.ም ሮም ላይ ያሸነፈው ማራቶን የተጀመረው ሙቀቱን ሽሽት ወደ ማታ ላይ ነበር። ጨለማ ውስጥ፣ በችቦ ብርሃን ነው የገባው። እኔ በዚያ ሌሊት ስሙን ስጠራ ይህን አላስታወስኩም።

የዶሃው ነገር በዚያ ሌሊት አላበቃም። ከስምንት ቀን በኋላ፣ መስከረም 24 ሌሊት፣ ወንዶቹ በዚያው መንገድ ሮጡ። ሙቀቱ ከሴቶቹ ሌሊት ሻል ብሎ ነበር። ሐጂ እንደገና መጡ፤ እኔም ያን ቀን አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ሌሊሳ ዴሲሳ በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ወርቁን ወሰደ። ሞስነት ገረመው በአራት ሴኮንድ ተቀድሞ ብሩን አገኘ። ኢትዮጵያ በወንዶች የዓለም ሻምፒዮና ማራቶን ወርቅ ስታገኝ ከገዛኸኝ አበራ የኤድመንተን ድል ወዲህ 18 ዓመት አልፏት ነበር። ሐጂ በዐረብኛ አመሰገኑ፣ እናቴ እልል አለች።

ስለ ሌሊሳ ካነበብኩት አንዱን ለልጄ ነገርኳት። ይህ ሰው በ2005 ዓ.ም ቦስተንን ያሸነፈ፣ በዚያ ዕለት በፈነዳው ቦምብ ለተጎዱት መታሰቢያ ሜዳሊያውን ለከተማዋ የመለሰ ነው። በዓመቱ እዚያው ቦስተን ሲሮጥ ግን አቋርጦ ወጥቷል። ከዚያ በኋላ ነው በ2011 ዓ.ም ጥቅምት ኒው ዮርክን፣ በ2012 ዓ.ም ደግሞ ዶሃን ያሸነፈው። ልጄ ‹‹አቁሞ?›› አለችኝ። ‹‹አዎ፣ አቁሞ›› አልኳት። ሌላ አልተናገረችም።

ጫማው ከአልጋ ሥር የወጣው በኅዳር ነው። ኅዳር 21፣ የኅዳር ጽዮን ዕለት፣ የስፔኗ የባሕር ዳርቻ ከተማ ቫሌንሲያ ማራቶን ነበራት። ያቺ ዶሃ ላይ አቋርጣ የወጣችው ሮዛ ደረጀ በ65 ቀኗ ተመልሳ አንደኛ ወጣች። ሰዓቷ 2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ከ30 ሴኮንድ ነበር። በዚያ በዶሃ ሌሊት ‹‹አዋረደችኝ›› ብዬ የተቆጣኋት ሴት ናት። በዚያ ሙቀት ራሷን እስከ መጨረሻው ብትገፋ ኖሮ ኅዳር ላይ ትደርስ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ልጄ ዜናውን ከስልኬ ላይ ሁለት ጊዜ አነበበችው። በማግስቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ የበሩ መቀርቀሪያ ሲከፈት ሰማሁ። ወጥቼ አላየሁም። እናቴ ናት በመስኮት አይታ ‹‹ሮጣለች›› ያለችኝ።

ልጄ ሮዛን አልሆነችም። በዓለም መድረክ አልሮጠችም፤ ባሕርም እስካሁን በዓይኗ አላየችም። ዛሬ የስፖርት መምህርት ናት። እሁድ እሁድ ጠዋት ሕፃናት ታሠለጥናለች። ከእሷና ከባልደረቦቿ የሰማሁትን፣ ወላጅ ሊይዘው የሚገባውን፣ ባጭሩ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ሰዓት ነው። በእኛ ቆላ ልጅ መሮጥ ያለበት ገና በንጋት ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ውድድር ወደ ረፋድ ከተገፋ ‹‹ልጄ አይሮጥም›› ማለት የወላጅ መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም ነው። እኔ ያን ቀን ይህን ማለት ነበረብኝ።

ሁለተኛው ምልክቱን ማወቅ ነው። ልጅ ራሴን አዞረኝ፣ አቅለሸለሸኝ፣ ራሴን አመመኝ፣ በሙቀት ውስጥ በረደኝ ካለ ይቁም። ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተዘበራረቀ አደጋው ከባድ ነው። ጥላ ሥር አስገቡት፣ ልብሱን አላሉለት፣ ሰውነቱን በውኃ አርሱት፣ አናፍሱት፣ እዚያው እያቀዘቀዛችሁ ፈጥናችሁ ሕክምና እንዲያገኝ አድርጉ። ላብ እያላበው ስለሆነ ደህና ነው አትበሉ፤ እያላበውም ሊጎዳ ይችላል።

ሦስተኛው ውኃ ነው። ከሩጫው በፊትም በመሃልም ሲጠማው ይጠጣ። ‹‹በብዙ ጠጣ›› እያሉ በግድ ሊትር በሊትር ማጠጣትም ጥሩ አይደለም፤ የሰውነትን ጨው ከመጠን በላይ ያቀጥናል።

አራተኛው ዕድሜ ነው። በኦሎምፒክ ማራቶን ዕድሜው 20 ዓመት ያልሞላ አይሰለፍም። ረጅም ርቀት የጎለመሰ አካል ይጠይቃልና ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አሥር ኪሎ ሜትር እንዲሮጥ የሚገፋ አባት ማንን ለማስደሰት እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ።

ለእናቶችም አንድ ነገር ልጨምር። ሴት ልጃችን ሩጫ ስትጀምር ‹‹ወልዳ ያበቃላታል›› የምንል ብዙዎች ነን። አሰለፈች መርጊያ የዱባይን ማራቶን በ2003 እና በ2004 ዓ.ም አሸነፈች። ከዚያ ለወሊድ ዕረፍት ወጣች። ልጇን ወልዳ፣ አሳድጋ በ2007 ዓ.ም ጥር ወደዚያው ወደ ዱባይ ተመለሰች። ኬንያዊቷን ግላዲስ ቼሮኖን በአንድ ሴኮንድ ቀድማ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ2 ሴኮንድ ለሦስተኛ ጊዜ አሸነፈች። ይህን ለልጄ የነገረቻት አያቷ ናት፤ ለእናቴ የነገርኳት ደግሞ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ስሟን እንደ ዘመድ ትጠራዋለች።

እንግዲህ ወደ እሁዱ አባት ልመልሳችሁ። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። ሰላምታ ሰጠሁት፣ ልጁን አደነቅኩለት። ከዚያ ‹‹ያቺን አሠልጣኟን ታያታለህ? አባቷ እኔ ነኝ። በአሥራ አምስት ዓመቷ አንተ አሁን ያልከውን ዓይነት ቃል ተናግሬያት ሰባት ወር ጫማ አላነሣችም›› አልኩት። መጀመሪያ ፈገግ አለ፣ ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። ‹‹እንዲበረታ ብዬ እኮ ነው›› አለ። ‹‹እኔም እንደዚያው ብዬ ነበር›› አልኩት።

ልጁ እንደገና ሲደርስ አባትየው እጁን አነሣ። ልጁ ደነገጠ። አባቱ ግን ‹‹ና ውኃ ጠጣ›› ነበር ያለው። ልጁ መጀመሪያ አላመነም፤ ወደ ልጄ ዞሮ አየ። እሷም በራሷ ነቀነቀችለት። መጥቶ ጠጣ፣ ማንጎው ጥላ ሥር ትንሽ ተቀመጠ። ከዚያ ማንም ሳያዘው ተነሥቶ ሮጠ።

ቸር ሰንብቱ። ሳምንት ያገናኘን።